የዲኤንኤ እና የአርኤንኤ መገጣጠሚያ ሞዴል፦ አንዲት ኦክስጅን የጎደለችው ዕቃ

የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ የምታስተምሩ፣ ወይም ቤታችሁ ለመልቀቂያ ፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ያላችሁ ሰዎች ይሄን ብታነቡት ደስ ይለኛል። የዘር መልእክት የሚሸከሙትን ሁለቱን ሞለኪውሎች፣ ዲኤንኤና አርኤንኤን፣ ጎን ለጎን የሚያሳይ የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ሞዴል ገዝቼ ከተማሪዎቼ ጋር እየተጠቀምኩበት ነው። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነው። እኔ ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ከሚሸጥ ነጋዴ ሲሆን ዋጋው 3,500 ብር ነው። በአስተማሪ ደሞዝ ቀላል ብር አይደለም፤ ስለዚህ ምን እንደሚሰጣችሁና ምን እንደማይሰጣችሁ ሳታውቁ እንዳትገዙት ብዬ ነው የምጽፈው።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር። ዲኤንኤን በማሳየት በኩል በጣም ጎበዝ ዕቃ ነው። አርኤንኤ ላይ ሲደርስ ግን ዋናውን ልዩነት ትቶታል። የተወው ነገር አንዲት የኦክስጅን አተም ናት፤ የሁለቱ ልዩነት ከሞላ ጎደል የሚጀምረው ደግሞ ከእሷ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ይሄ ነው። ስኳሩ ነጭ ባለ አምስት ማዕዘን ቁራጭ፣ ፎስፌቱ ቢጫ ኳስ ነው። ቤዞቹ፣ ማለትም መልእክቱ የሚጻፍባቸው ፊደሎች፣ በቀለም ተለይተዋል፤ አደኒን ሰማያዊ፣ ታይሚን ብርቱካናማ፣ ጉዋኒን አረንጓዴ፣ ሳይቶሲን ቡናማ፣ ዩራሲል ሐምራዊ። ከእነዚህ ባለ 12 ጥንድ ዲኤንኤ እና ባለ 12 ቤዝ የአርኤንኤ ክር ይሠራል። ማቆሚያም አለው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም አይወላገድም።

ዲኤንኤው ላይ የሠሩት ሥራ አሪፍ ነው። አደኒንና ጉዋኒን ባለ ሁለት ቀለበት ስለሆኑ ቁራጮቻቸው ረጃጅም ናቸው። ታይሚንና ሳይቶሲን ባለ አንድ ቀለበት ስለሆኑ አጫጭር ናቸው። ልጆቹ ሁለት ረጃጅሞችን ለማጋጠም ሲሞክሩ ጎኑ ይወጠራል፤ ሁለት አጫጭሮችን ሲያደርጉ ደግሞ አይደራረሱም። አንድ ረጅምና አንድ አጭር ሲሆን ብቻ ስፋቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ይመጣል። እውነተኛው ዲኤንኤም እንዲሁ ነው፤ ስፋቱ በየትኛውም ቦታ 2 ናኖሜትር አካባቢ ነው። አደኒን እና ታይሚን በሁለት ጥርስ፣ ጉዋኒን እና ሳይቶሲን በሦስት ጥርስ ነው የሚገጥሙት። ቤዞቹን የሚያያይዘው የሃይድሮጂን ቦንድ ቁጥር እንዳለ ተጠብቋል ማለት ነው። በቃል ለማስጠናት ስንት ጊዜ የምንደክምበት ነገር በእጅ ሲሞከር በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ኤርዊን ቻርጋፍ በ1950 አካባቢ (ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የአደኒኑ መጠን ከታይሚኑ፣ የጉዋኒኑ ከሳይቶሲኑ ጋር እኩል መሆኑን ያሳየው ለምን እንደሚያስገርም ልጆቹ የሚገባቸው ይሄኔ ነው።

ሌላው የወደድኩት አቅጣጫው ነው። ስኳሩ ላይ ትንሽ ቀስት ተቀርጿል። አንዱን ክር ወደ ላይ ከሠራችሁት ሌላኛው የሚገጥመው ወደ ታች ሲሆን ብቻ ነው። ሁለቱ ክሮች በተቃራኒ አቅጣጫ መሄዳቸውን ብዙ ልጆች በቃል ይሉታል እንጂ አያዩትም። እዚህ ግን በግድ ያዩታል፣ ምክንያቱም ካልገለበጡት አይገጥምም።

ጥምዝምዙም ልክ ነው። ቀኝ እጃችሁን ጨብጣችሁ አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ብትቀስሩት፣ ክሩ ወደ ላይ ሲወጣ ሌሎቹ ጣቶች በታጠፉበት አቅጣጫ ይዞራል። እውነተኛው ዲኤንኤ ቀኝ ዘወር ነው፤ በአንድ ዙር 10.5 ጥንድ ገደማ ስላለው 12 ጥንዱ ከአንድ ዙር ትንሽ ያልፋል። የሚያናድደው ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕል በግራ መዞሩ ነው። ፎቶው ተገልብጦ ታትሟል። ውስጡ ያለው ሞዴል ትክክል ሆኖ ሳለ ሽፋኑ ስህተት ያስተምራል። ለልጆቹ ሽፋኑንና ሞዴሉን ጎን ለጎን አስቀምጬ «የቱ ነው ልክ?» ብዬ ነው የምጠይቃቸው፤ ጥሩ ጥያቄ ይሆናል። ዋትሰንና ክሪክ በ1953 ቅርጹን ሲያወጡ በሮዛሊንድ ፍራንክሊን ቤተ ሙከራ በ1952 የተነሳው የኤክስሬይ ፎቶ ምን ያህል እንደረዳቸው የምነግራቸውም እዚህ ላይ ነው። የእሷን ስም ሳይጠሩ የዲኤንኤን ታሪክ መናገር አይሆንልኝም።

አሁን ወደ አርኤንኤው። የአርኤንኤ ክር ለመሥራት መመሪያው የሚላችሁ ይሄን ብቻ ነው፦ ያንኑ ነጭ ስኳር ተጠቀሙ፣ ያንኑ ቢጫ ኳስ ተጠቀሙ፣ በብርቱካናማው ፋንታ ሐምራዊውን አድርጉ፣ አንድ ክር ብቻ ሥሩ። በቃ። ስኳሩ አንድ ዓይነት ነው። ስሙ ራሱ መመሪያው ላይ «ስኳር» ተብሎ ታልፏል።

አንዷ ተማሪዬ ወዲያው ጠየቀችኝ። «ቲቸር፣ ታይሚኑን አውጥተን ዩራሲል ከተካንበት በቃ አርኤንኤ ሆነ ማለት ነው?»

ሞዴሉ እንደሚለው አዎ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ይሄ ጥያቄ ደግሞ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ዲኤንኤ ውስጥ ዩራሲል ይገኛል እኮ። ሳይቶሲን በራሱ ጊዜ፣ ማንም ሳይነካው፣ አንድ የናይትሮጂን ክፍሉን ያጣና ዩራሲል ይሆናል። በእያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ በየቀኑ በመቶ የሚቆጠሩ ሳይቶሲኖች እንዲህ ይበላሻሉ። ያ ዲኤንኤ አርኤንኤ አልሆነም፤ የተጎዳ ዲኤንኤ ነው። ሴሉ ዩራሲሉን ለይቶ ቆርጦ የሚያወጣ ኢንዛይም አለው። ቶማስ ሊንዳል ይሄን ኢንዛይም በ1970ዎቹ አግኝቶ በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ከተጋሩት አንዱ ሆኗል። ዲኤንኤ በዩራሲል ፋንታ ታይሚን የመያዙ ጥቅምም የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ዩራሲል በዲኤንኤ ውስጥ ትክክለኛ ፊደል ቢሆን ኖሮ ጠጋኙ ኢንዛይም የቱ የራሱ ቦታ ላይ እንዳለ፣ የቱ ደግሞ ተበላሽቶ የመጣ ሳይቶሲን እንደሆነ በምን ይለይ ነበር? ታይሚን ማለት ዩራሲል ላይ አንዲት ሜታይል (አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጂን ጋር) የተጨመረባት ነው። ያቺ ምልክት ትለየዋለች።

በተቃራኒውም አለ። የፕሮቲን መሥሪያ የሆነውን አሚኖ አሲድ ተሸክሞ የሚያመጣው ትራንስፈር አርኤንኤ በአብዛኛው በአንዱ እጥፋቱ ላይ ታይሚን አለው። ታይሚን ስላለው ዲኤንኤ አልሆነም። ስለዚህ ልጅቷን ያልኳት ይሄንን ነው፦ «ቤዙን አይተሽ አትፍረጂ፤ ስኳሩን እይ።»

ስኳሩ ላይ ምን አለ? አምስት ካርቦኖች አሉት። ሁለተኛው ካርቦን ላይ አርኤንኤ ኦክስጅንና ሃይድሮጂን አሉት። ዲኤንኤ እዚያው ቦታ ላይ ሃይድሮጂን ብቻ ነው ያለው። ልዩነቱ ይኸው ነው። የአንዱ ስኳር ራይቦዝ፣ የሌላው ዲኦክሲራይቦዝ ይባላል። ሁለቱንም ለይቶ ያወቃቸው ፊቦስ ሌቪን ነው፤ ራይቦዝን በ1909፣ ዲኦክሲራይቦዝን በ1929። ድርብ ጥምዝምዙ ከመታወቁ ከ20 ዓመት በላይ በፊት ማለት ነው።

ይቺ ኦክስጅን ምን ትሠራለች ብትሉ፣ ጎረቤቷ ያለውን ፎስፌት ታጠቃለች። ቅርጹ ሲመቻችላት ትጠጋና ትያያዘዋለች፤ ሰንሰለቱም እዚያው ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ አርኤንኤ የሚቆርጠውን መሣሪያ ራሱ ላይ ተሸክሞ ነው የሚዞረው። አልካላይ የሆነ ፈሳሽ ውስጥ ብትጨምሩት ተሰባብሮ ያልቃል። ዲኤንኤ በዚያው ፈሳሽ ውስጥ ሁለቱ ክሮቹ ይላቀቃሉ እንጂ ክሮቹ አይቆራረጡም፤ የሚያጠቃ ኦክስጅን የለማ። ሞዴሉ ይሄንን አንድም ቦታ አያሳይም። ሁለቱም ነጭ ስኳር ናቸው።

ለምን ይሄን ያህል ትኩረት ሰጠሁት? ምክንያቱም ልጆች ስለ ዲኤንኤና አርኤንኤ ከቤታቸውና ከሰፈራቸው የሚያውቁት ብዙ ነገር ወደዚች ኦክስጅን ይመለሳል።

አንዱን እንይ። ጋሞ ደጋማ አካባቢ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ። እዚያ ከዛሬ 4,500 ዓመት ገደማ በፊት የተቀበረ ሰው አጽም ተገኝቷል፤ ባይራ የሚል ስም ሰጥተውታል። ከጆሮው ውስጠኛ አጥንት ዲኤንኤ ወጥቶ ሙሉ ጂኖሙ (የዘር መልእክቱ በሙሉ) በ2015 ታተመ። ከአፍሪካ ሙሉ ጂኖሙ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው ነው። ቀዝቃዛው ዋሻ ረድቷል፣ አጥንቱ ጠንካራ መሆኑ ረድቷል፤ ግን ሞለኪውሉ ራሱ የሚቆይ ባይሆን ዋሻው ብቻውን ምንም አያደርግም ነበር። በጣም በረዶ በሆነ መሬት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ዲኤንኤም ተነቧል። አርኤንኤ ደግሞ በሴላችን ውስጥ እያለን፣ አንዳንዱ በደቂቃ አንዳንዱ በሰዓት ይፈርሳል። ለሴሉ ይሄ ጠቃሚ ነው። መልእክተኛው አርኤንኤ ቶሎ ባይፈርስ ሴሉ አንድ ፕሮቲን መሥራት ከጀመረ ማቆም ይቸግረው ነበር።

የኮቪዱን ክትባት ደግሞ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ኢትዮጵያ በእኛ አቆጣጠር በ2013 የካቲት መጨረሻ የተቀበለችው የመጀመሪያው የአስትራዜኒካ ክትባት በተራ ፍሪጅ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚቀመጥ ነበር። ውስጡ ያለው መልእክት በዲኤንኤ የተጻፈ፣ አዴኖቫይረስ ውስጥ የታሸገ ነው። የፋይዘሩ መልእክት ግን በአርኤንኤ የተጻፈ ስለሆነ ሲጀመር ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ አካባቢ ማቀዝቀዣ ይጠይቅ ነበር። አርኤንኤው የታሸገበት የስብ ሽፋንም የራሱ ምክንያት አለው፤ ሁሉንም በኦክስጅኗ ላይ አላላክክም። ግን «ለምን የአንዱ ክትባት ፍሪጅ ይበቃዋል፣ የሌላው አይበቃውም?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ካታሊን ካሪኮ እና ድሩ ዋይስማን በ2023 ኖቤል የተሸለሙትም አርኤንኤው ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሰውነት እንደ ጠላት እንዳያየው ቤዙን እንዴት መለወጥ እንደሚቻል ስላሳዩ ነው። ዩራሲሉን በሌላ ቅርጽ ተኩት። ስኳሩን ግን አልነኩትም።

ኤችአይቪም አለ። የቫይረሱ የዘር መልእክት አርኤንኤ ነው። ሴል ውስጥ ሲገባ ግን ወደ ዲኤንኤ ይገለብጠውና ከሰውየው ዲኤንኤ ጋር ያጣብቀዋል። ይህን የሚያደርገውን ኢንዛይም በ1970 ሃዋርድ ቴሚን እና ዴቪድ ባልቲሞር ለየብቻቸው አገኙት፤ ከዚያ በፊት መልእክት ከዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ ብቻ እንደሚሄድ ነበር የሚታሰበው። ሆስፒታል ቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን) ሲለካ የሚቆጠረው በደም ፕላዝማ ውስጥ ያለው የቫይረሱ አርኤንኤ ነው። ከኤችአይቪ ጋር ከምትኖር እናት የተወለደ ሕፃን ሲመረመር የሚፈለገው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሕፃኑ ሴሎች ውስጥ የገባው ዲኤንኤ ነው፤ ዲኤንኤ ፒሲአር ሲባል የምትሰሙት ለዚህ ነው። ተማሪዎቼ እነዚህን ቃላት ከጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ያውቋቸዋል። ከባዮሎጂ ደብተራቸው ጋር ያገናኘላቸው ሰው ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ ሞዴሉ ሳያስበው ይጠቅማል። አንድ ትርፍ ነጭ ስኳር ውሰዱና ቀጣዩ ፎስፌት የሚሰካበትን ጥርስ በሞረድ አጥፉት። ከዚያ ልጆቹ ክር ሲሠሩ ያንን ቁራጭ መሐል ላይ እንዲያስገቡት አድርጉ። ክሩ እዚያው ይቆማል፤ የሚቀጥል ነገር መሰካት አይቻልም። ላሚቩዲንና ዚዶቩዲን የሚባሉት መድኃኒቶች ቫይረሱን የሚያስቆሙት እንዲህ ነው። የዲኤንኤ ቁራጭ መስለው ይገባሉ፣ ሰንሰለቱን ይዘጉታል። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ዝም ያሉት በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ ጥያቄው ዘነበ።

ለጎደለችው ኦክስጅን ያገኘሁት መፍትሔ ቀላል ነው። ቀይ ዶቃ ገዛሁ። ኬሚስትሪ ሞዴሎች ላይ ኦክስጅን ሁሌም ቀይ ስለሆነ ልጆቹ አይምታታባቸውም። በአሥራ ሁለቱ የአርኤንኤ ስኳሮች ላይ፣ ቤዙ ከሚሰካበት ማዕዘን ቀጥሎ ባለው ማዕዘን፣ አንዳንድ ዶቃ በሱፐር ግሉ ለጠፍኩ። ዶቃውን ከቤዙ በተቃራኒ ፊት፣ ወደ ታች አድርጉት፤ እውነተኛዋም ኦክስጅን ያለችው በዚያ በኩል ነው። አሁን አርኤንኤው ከሩቅ ይለያል። ያቺ ልጅ ድጋሚ ያንን ጥያቄ አትጠይቅም። አምራቹ ሻጋታው ላይ አንዲት ትንሽ ጉብታ ቢጨምር ኖሮ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታዬ እጥፋቱ ነው። ኪቱ አርኤንኤን እንደ ቀጥ ያለ ግማሽ ዲኤንኤ ያቆመዋል። አርኤንኤ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ አይቆምም። በራሱ ላይ ይታጠፋል፣ አንዱ ክፍሉ ከሌላው ክፍሉ ጋር ይጣመራል፣ ጉጥ ይሠራል፣ ኪስ ይሠራል። ሮበርት ሆሊ በ1965 ያነበበው የእርሾ ትራንስፈር አርኤንኤ 77 ኑክሊዮታይድ (አንድ ስኳር፣ አንድ ፎስፌትና አንድ ቤዝ ያለው ቁራጭ) ብቻ ነው፤ ግን ተጣጥፎ ሥራ የሚሠራ ቅርጽ ይይዛል። እንዲያውም ቶማስ ቼክ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያለ ምንም ፕሮቲን እርዳታ ራሱን የሚቆርጥና የሚቀጥል አርኤንኤ አገኘ። ከዚያ በፊት ኢንዛይም የሚሆነው ፕሮቲን ብቻ ነው ይባል ነበር። እሱና ሲድኒ አልትማን በ1989 ኖቤል አገኙበት። ፕሮቲን በሚሠራበት በራይቦዞም ውስጥ አሚኖ አሲዶቹን እርስ በርስ የሚያያይዘውም አርኤንኤ ነው፤ አሁን ይሄን ስታነቡ በሴሎቻችሁ ውስጥ እየሠራ ነው።

ኪቱ ግን ማጠፍ አይፈቅድም። አንደኛ፣ 12 ቤዝ ለማጠፍ ያንሳል። ሁለተኛ፣ አረንጓዴውና ሐምራዊው አይገጥሙም። አርኤንኤ ውስጥ ጉዋኒን ከዩራሲል ጋር ይጣመራል፤ ብዙ እጥፋቶች ውስጥ ይሄ ጥምረት አለ። ፕላስቲኩ ግን ሦስት ጥርስ ከሁለት ጥርስ ጋር አይገባም ብሎ ይከለክላል። ለዲኤንኤ ጥሩ የሆነው ሕግ እዚህ ላይ መሰናክል ሆነ። ይሄን ለማሳየት ሞዴሉን ትቼ ስልክ ነው የምጠቀመው። ፕሮቲን ዳታ ባንክ ድረ ገጽ ላይ የትራንስፈር አርኤንኤን ቅርጽ በነፃ በሦስት አቅጣጫ ማዞር ይቻላል። እዚያው በ1981 ዲከርሰንና ባልደረቦቹ ያወጡት የዲኤንኤ ቅርጽ አለ፤ እሱም ልክ እንደ ኪታችን 12 ጥንድ ነው። ኔትወርክ ካለ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳዩዋቸው።

አብሮ የመጣችው ወረቀት ላይ የልዩነት ሠንጠረዥ አለ። እንዳታስጠኑት። «ዲኤንኤ ኑክሊየስ ውስጥ ይገኛል፣ አርኤንኤ ከኑክሊየስ ውጭ» ይላል። አርኤንኤ የሚሠራው እኮ ኑክሊየስ ውስጥ ነው። የሴሉ ኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ ደግሞ የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ የሰው 16,569 ጥንድ ያለው ክብ ዲኤንኤ ነው። «ዲኤንኤ ሁለት ክር፣ አርኤንኤ አንድ ክር» የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። ሕፃናት በአፍ የሚከተቡለት ሮታቫይረስ ባለ ሁለት ክር አርኤንኤ ነው። ፓርቮቫይረስ ደግሞ ባለ አንድ ክር ዲኤንኤ አለው። በብዛት እውነት ነው ማለትና ሁልጊዜ እውነት ነው ማለት ይለያያል፤ ልጆች ይሄን መስማት አለባቸው።

ርዝመትን በተመለከተ ወረቀቷ ምንም አትልም፤ እኔ ግን ከሞዴሉ ጋር አስልቼ ሰጥቻቸዋለሁ። ሞዴሉ 30 ሴንቲሜትር ነው፤ ለአንድ ጥንድ 2.5 ሴንቲሜትር ይደርሳል። በዚህ ሂሳብ የሆሊ ትራንስፈር አርኤንኤ ሳይታጠፍ ወደ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። 30,000 ገደማ ቤዝ ያለው የኮቪድ ቫይረስ አርኤንኤ 750 ሜትር ይሆናል፤ ከአርኤንኤ ቫይረሶች መካከል ደግሞ እሱ ረጅም ከሚባሉት ነው። ከሰው ክሮሞዞሞች ትልቁ 249 ሚሊዮን ጥንድ አለው፤ እሱ ከ6,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፣ ከአዲስ አበባ ለንደን በአየር ካለው ርቀት ይበልጣል። ራሱን የሚቆርጥ ሞለኪውል እንዲህ ያለ ርዝመት ይዞ ዕድሜ ልክ ሊቆይ አይችልም። ሂሳቡን ራሳቸው ሲያወጡት ነው የሚያምኑት፤ ካልኩሌተር አሲዟቸው።

ኪቱን በደንብ ለመጠቀም አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሳጥኑ ውስጥ ያሉት የዲኤንኤ ቤዞች ከእያንዳንዱ ስድስት ስድስት ናቸው፤ የአርኤንኤው ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት። መመሪያው የሰጠው ቅደም ተከተል ምንም ትርጉም የለውም። በእሱ ፋንታ አንዱን የዲኤንኤ ክር ኤቲጂ፣ ጂሲቲ፣ ሲሲጂ፣ ቲኤኤ አድርጋችሁ ሥሩት (ኤ አደኒን፣ ቲ ታይሚን፣ ጂ ጉዋኒን፣ ሲ ሳይቶሲን፣ ዩ ዩራሲል ነው)፤ ሌላውን ክር እሱን እያያችሁ ሙሉት። አርኤንኤውን ኤዩጂ፣ ጂሲዩ፣ ሲሲጂ፣ ዩኤኤ አድርጉ። ቁራጮቹ አንድም ሳይጎድሉ አንድም ሳይተርፉ ያልቃሉ። በሦስት በሦስት ፊደል ሲነበብ ሜታዮኒን፣ አላኒን፣ ፕሮሊን የሚባሉት አሚኖ አሲዶች፣ ከዚያ ማቆሚያ ይሆናል። መጀመሪያ አለው፣ መጨረሻ አለው፤ ከዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ፣ ከአርኤንኤ ወደ ፕሮቲን ያለውን መንገድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ታስተምሩበታላችሁ። አርኤንኤው ከየትኛው የዲኤንኤ ክር እንደተገለበጠ ጠይቋቸው፤ ግማሾቹ ከሚመስለው ክር ነው ይላሉ፤ ከዚያ አቅጣጫውን አይተው ከሌላኛው መሆኑን ራሳቸው ያርማሉ።

ጥራቱ ደህና ነው። ፕላስቲኩ ጠንካራ ነው፣ አይሸትም፣ ቀለሙም አልለቀቀም። የቢጫዎቹ ኳሶች ቀዳዳ ግን ብዙ ጊዜ ሲነቀልና ሲሰካ እየላላ ይመጣል። እኔ ስኳርና ፎስፌቱን ተያይዘው እንዲቀመጡ አድርጌ ቤዞቹን ብቻ ነው የማስነቅላቸው። ብርቱካናማውና ቡናማው በመብራት በደንብ አይለዩም፤ የቀለም ችግር ያለበት ልጅ ካላችሁ በማርከር ፊደል ጻፉበት።

ለክፍል ከሆነ ዋጋ አለው እላለሁ፤ የዶቃውን ሥራ ለመሥራት ፈቃደኛ ከሆናችሁ። ለአንድ ልጅ ብቻ ቤት ውስጥ ለመግዛት ግን 3,500 ብር አልመክርም። ለእሱ ባለ ቀለም ካርቶን፣ መቀስና ስልክ ይበቃል፤ ካርቶን ላይ ደግሞ ሁለተኛዋን ካርቦን ራሱ ይሥላታል። ሁለት ሦስት አስተማሪዎች አዋጥታችሁ ብትገዙት ጥሩ ነው፤ ሁለት ኪት ከተገኘ 24 ቤዝ ያለው አርኤንኤ መሥራት ይቻላል።

ነጋዴው ዕቃውን በሰዓቱ አድርሶልኛል፤ ግን ከሳጥኑ አንድ ሐምራዊ ጎድሎ ነበር፣ ስደውልለት ሌላ ሳጥን ከፍቶ ተካልኝ። እናንተ ስትቀበሉ ዴሊቨሪው እዚያው ቆሞ እያለ ቁጠሩ። ሐምራዊዎቹ ሦስት፣ ነጭ ስኳሮቹ 36 ከትርፉ ጋር 38 መሆን አለባቸው።